ኢቃማ የሚጀምረው ደሴ ነው፦ ሳዑዲ ለምትሄጂ እህቴ የወረቀት መመሪያ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ከጅዳ ከተመለስኩ በኋላ የከፈትኳት ናት። ጠዋት ጠዋት የሚመጡልኝ አብዛኞቹ እናቶች ናቸው። ስልካቸውን ያቀብሉኝና "እስቲ ይቺን አውጪልኝ የኔ ልጅ፣ በኢሞ የላከችልኝ ናት" ይሉኛል። ስከፍተው የኢቃማ፣ የሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ፣ ፎቶ ነው። ግማሹ በአውራ ጣት ተሸፍኗል፣ ቁጥሩ አይነበብም። አንዳንዴ ደግሞ ቁጥሩ ይነበባል፤ ግን ቀኑን ስቆጥረው ኢቃማው ካለፈ ዓመት ሞልቶታል። እናትየዋ አታውቅም። ልጅቷም አታውቅም።

ይሄን የምጽፈው ለእነዚያ ልጆች ነው፤ ለሄዱትም፣ ገና ፓስፖርት ለማውጣት ለሚሯሯጡትም። በብዛት "አንቺ" እያልኩ ነው የምጽፈው፣ ምክንያቱም ከደሴም ከኮምቦልቻም በኮንትራት የሚሄዱት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ወንድሜ፣ አንተም አንብበው፣ ለሹፌርም ለእረኛም ያው ነው።

ቪዛና ኢቃማ አንድ አይደሉም

ከዚህ እንጀምር፣ ብዙ ሰው ስለሚያምታታው። ቪዛ መግቢያ ነው። ኢቃማ መኖሪያ ነው። በቪዛ ገብተሽ ኢቃማ ካልወጣልሽ፣ በር ላይ የተቀበለሽ ቤት ውስጥ ግን የማያውቅሽ እንግዳ ማለት ነሽ። ኢቃማ የሚሰጠው ጀዋዛት የሚባለው የሳዑዲ የፓስፖርት መሥሪያ ቤት ነው፣ እሱም በአገር ውስጥ ሚኒስቴራቸው ሥር ነው። ቁጥሩ 10 አሃዝ ነው፣ የውጭ ዜጋ ከሆንሽ በ2 ይጀምራል። እዚያው እስካለሽ ድረስ ከፊልሽ፣ በስሙ ያስመጣሽ አሠሪ ማለት ነው፣ ቢቀየርም ካርዱ ቢጠፋም ቁጥሩ ያው ነው። በቃልሽ ያዢው። እንደ ስልክ ቁጥርሽ።

ኢቃማ ከሌለሽ ባንክ አይከፈትልሽም፣ ለእናትሽ በሕጋዊ መንገድ ብር አትልኪም፣ መንገድ ላይ ፖሊስ ቢያስቆምሽ የምታሳዪው የለሽም።

መጀመሪያ፦ ስምሽና የልደት ቀንሽ

ቀላል ይመስላል። ወሎ ላይ ግን ሰው በብዛት ሲሰናከል የማየው እዚህ ጋ ነው። የኛ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ መልኩ ብዙ ነው። የአባቷ ስም መሐመድ የሆነ አንዲት ልጅ መጣችልኝ፤ በአንዱ ወረቀት ላይ በሁለት ኤም፣ በትምህርት ማስረጃዋ ላይ በአንድ ኤም፣ ፓስፖርቷ ላይ ደግሞ ኦ መሆን የነበረበት ዩ ሆኖ ተጽፏል። ሦስቱንም በአንድ ፌስታል ይዛ ነው የምትዞረው። ዘይነባ፣ ፋጡማ፣ ሰይድ፣ ኸድጃ፣ ሁሉም እንዲሁ ነው። ሳዑዲ ስትደርሺ ደግሞ ያንን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያዩ በዐረብኛ ይጽፉታል፣ እዚያ ላይ ሌላ ስም ሆኖ ቁጭ ይላል። ከዚያ ባንክ ስትሄጂ አይገናኝም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቂ። የልደት የምስክር ወረቀትሽን ከቀበሌ ወሳኝ ኩነት አውጪ። ከዚያ ፋይዳ ተመዝገቢ፤ ስትመዘገቢ ልጁ የጻፈውን እንዲያሳይሽ ስክሪኑን ወደ አንቺ እንዲያዞርልሽ ጠይቂው፣ አትፈሪ፣ አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ፊደል በፊደል እይው። ከዚያ በኋላ ፓስፖርት። ማመልከቻው የሚሞላው በኢንተርኔት ነው፣ ለአሻራና ለፎቶ ደግሞ የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ደሴ ቅርንጫፍ አለው። አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ሄደሽ የምታድሪበት ምክንያት የለም። ፎርሙን ደላላ ሲሞላልሽ ቆመሽ አትይው፤ ራስሽ ሙዪው ወይም የምታምኚው ሰው ይሙላልሽና ከመላኩ በፊት አንብቢው።

የልደት ቀን ላይ ሁለት ዓይነት ስህተት አያለሁ። አንደኛው አቆጣጠሩ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 1992 የተወለደች ልጅ በፈረንጅ ጁላይ 22 ቀን 2000 ነው የሚሆንላት። ፎርም የሚሞላው ሰው 1992ን ሳይቀይር እንዳለ ቢያሰፍረው ልጅቷ ላይ 8 ዓመት ይጨመርባታል። ሁለተኛው ሆን ተብሎ የሚደረገው ነው። ሳዑዲ ለቤት ሠራተኛ 21 ዓመት ስለምትጠይቅ ደላላው "ዕድሜዋን እናስተካክላለን" ይላል። እንቢ በይ። እንቢ ካላልሽ እናትሽ እንቢ ይበሉ። ሳዑዲ አየር ማረፊያ ላይ በስማ ትሰጫለሽ፣ አሻራ ማለት ነው፤ ያ አሻራ ከዚያ ስምና ከዚያ የልደት ቀን ጋር ታስሮ እዚያው ይቀራል። ከዓመታት በኋላ በትክክለኛው ዕድሜሽ አዲስ ፓስፖርት ይዘሽ ብትመለሺ ማሽኑ የድሮዋን አንቺን ነው የሚያወጣው፣ ከዚያ "ለምን ሁለት ሰው ሆንሽ" ነው ጥያቄው።

ቪዛው የምን ቪዛ እንደሆነ እወቂ

የሥራ ቪዛ ብቻ ነው ወደ ሥራ ኢቃማ የሚወስደው። የዑምራ ቪዛ አይወስድም። የጉብኝት ቪዛም አይወስድም። "በዑምራ ግቢ፣ እዚያ ኢቃማ ይቀየርልሻል" የሚል ሰው ካለ፣ ጎረቤትም ይሁን ዘመድ፣ አትስሚው። ለዒባዳ የተሰጠ ቪዛ ነው፣ ጊዜው ሲያልቅ ትወጫለሽ፣ ካልወጣሽ ጥሰት ነው።

"ፍሪ ቪዛ" የሚባል ነገርም አለ። አንድ ከፊል በስሙ ያስገባሻል፣ አንቺ ግን የፈለግሽበት ትሠሪያለሽ፣ ለእሱ በየዓመቱ ትከፍያለሽ ነው ነገሩ። በሳዑዲ ሕግ ይሄ የለም። ኢቃማሽ ላይ ስሙ ካለው አሠሪ ሌላ ዘንድ መሥራት ጥፋት ነው። ከፊሉ የተከፋ ቀን ወይም ብሩ ያነሰው ቀን በስልኩ "ጠፍታለች" ብሎ ያስመዘግብና አንቺ ጠፊ ትሆኛለሽ። በዚህ ገንዘቡንም ጊዜውንም ያጣ ብዙ ሰው አውቃለሁ።

ማን ይከፍላል?

እዚህ ላይ በደንብ ስሚኝ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ አለን፣ ቁጥር 923/2008፣ በኋላ በአዋጅ 1246/2013 ተሻሽሏል። በአዋጁ መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ጉዞ፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የመድን ወጪ የአሠሪው ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ያልኩት ኢቃማን ነው። ያንቺ ወጪ የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ የክትባት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫው ሲኦሲና አንዳንድ የሰነድ ማረጋገጫ ነው። የሳዑዲም ሕግ ከዚህ የተለየ አይልም፤ ኢቃማ ማውጣትም ማሳደስም፣ የዘገየ ቅጣትም የአሠሪው ነው። ለቤት ሠራተኛ የኢቃማ ክፍያ በዓመት 600 ሪያል ነው። ከደሞዝሽ የሚቆረጥ 600 ሪያል አይደለም። "ኢቃማሽን ያሳደስኩት በደሞዝሽ ነው" ያለች መዳም፣ አሠሪሽ እመቤት ማለት ነው፣ ካለች ገንዘብሽን እየወሰደች ነው።

ኤጀንሲው ፈቃድ ያለው መሆኑን ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ወይም ከደሴና ከኮምቦልቻ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቶች አጣሪ። የሚያሳዩሽን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ብቻ አትመኚ። ኤል ኤም አይ ኤስ በሚባለው የሚኒስቴሩ ሲስተም ውስጥ ስምሽ ገብቶ፣ ሥልጠና ወስደሽ፣ ኮንትራትሽ እዚያ ጸድቆ መሄድ አለብሽ። ይሄ ሁሉ ሲጓተት እንደሚያሰለች አውቃለሁ። ነገር ግን በዚህ መንገድ የሄደች ልጅ ችግር ቢገጥማት ቤተሰቧ እዚህ ሆኖ ክስ የሚያቀርብበት አካል አለው። በሕጉ ኤጀንሲውና አሠሪው ባንድነት ተጠያቂ ናቸው፣ ኤጀንሲውም ያስያዘው የዋስትና ገንዘብ አለ። በደላላ የሄደች ልጅ እናት ግን ማንን ትከሳለች? የደላላው ስልክ ከተዘጋ በቃ።

የሳዑዲው ወገን ኮንትራት ሙሳነድ በሚባለው የቤት ሠራተኞች ሲስተም ላይ ነው የሚመዘገበው። የአሠሪው ስም፣ የመታወቂያ ቁጥሩ፣ ደሞዝሽ፣ የኮንትራት ቁጥሩ እዚያ ላይ አለ። ሳትፈርሚ አስነብቢው፣ ዐረብኛ የሚያነብ ሰው ደሴ ውስጥ አይጠፋም፣ መስጊድ ሄደሽ ጠይቂ።

እናትሽ ጋ የሚቀረው ፋይል

ሐረጎን ወርደሽ ኮምቦልቻ አየር ማረፊያም ሂጂ፣ ወይ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ግቢ፣ ከቤት ከመውጣትሽ በፊት አንድ ክላሰር ግዢና እናትሽ ወይም እህትሽ ጋ አስቀምጪ። ውስጡ የፓስፖርትሽ ኮፒ፣ የቪዛው ኮፒ፣ የኮንትራቱ ሁሉም ገጽ፣ የኤጀንሲው ስምና የፈቃድ ቁጥር፣ የከፊሉ ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥሩና ስልኩ፣ የምትኖሪበት ከተማና ሰፈር ይኑርበት። ኮፒው የሚነበብ ይሁን። ስልክ ውስጥ ያለ ፎቶ ብቻ አይበቃም፤ ስልክ ይሰበራል፣ ይጠፋል፣ እዚያ ደግሞ መዳም ልትወስደው ትችላለች። ኢቃማው ሲወጣልሽም ፊትና ጀርባውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ አንሺና ላኪላቸው፣ ወደ ክላሰሩ ይግባ።

አንድ እናት አሉ፣ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ማንበብ አይችሉም፤ ግን ልጃቸው ጭንቅ ውስጥ በገባች ጊዜ ያንን ክላሰር ይዘው ስለመጡ በአንድ ጠዋት ማመልከቻ ጽፈን ለኤጀንሲውም ለሚኒስቴሩም አስገባን። ክላሰር ያልነበራቸው ሌላ እናት ግን የከተማዋን ስም እንኳ አያውቁትም ነበር። "ዐረብ አገር ናት" ነበር መልሳቸው።

ከደረስሽ በኋላ፦ የመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት

አሠሪው ኢቃማሽን በ90 ቀን ውስጥ ማውጣት አለበት። እነዚያ ሦስት ወራት የሙከራ ጊዜም ስለሆኑ ብዙ ከፊል "ትቆያለች ወይስ አትቆይም" እያለ ያዘገየዋል። የገባሽበትን ቀን ጻፊ፣ ከዚያ 90 ቁጠሪ። በ60ኛው ቀን አካባቢ በትሕትና መጠየቅ ጀምሪ። "ወይን ኢቃማቲ" ማለት ኢቃማዬ የት አለ ነው። ካወጡልሽ በኋላ ደግሞ "መታ ተጅዲድ አል ኢቃማ"፣ እድሳቱ መቼ ነው። እነዚህን ሁለቱን ሳትሄጂ ልመጂያቸው።

ኢቃማው እጅሽ ሲገባ የመጀመሪያ ሥራሽ በራስሽ ስም ሲም ማውጣት ነው። በአሻራሽ ነው የሚወጣው። መዳም የሰጠችሽ ሲም በእሷ ስም ከሆነ የማረጋገጫ መልእክቱ በእሷ እጅ ነው ማለት ነው። ከዚያ በዚያ ቁጥር አብሸር ላይ ተመዝገቢ። አብሸር የአገር ውስጥ ሚኒስቴራቸው መተግበሪያ ነው። ወሎ ውስጥ የተጨነቀን ሰው "አብሽሪ" እንላለን አይደል፣ ያው ቃል ነው፣ እኔ መጀመሪያ ስሙን ስሰማ ቤቴ የገባሁ ነበር የመሰለኝ። ምዝገባው ማረጋገጫ ስለሚፈልግ በየገበያ ማዕከሉ የቆሙ የአብሸር ማሽኖች አሉ፣ ዕረፍትሽ ቀን ላይ የምታውቂውን ሰው ይዘሽ ሂጂ። ሳምንታዊ ዕረፍት በቤት ሠራተኞች ደንባቸው ውስጥ ያለ መብትሽ ነው።

አብሸር ከተከፈተልሽ ኢቃማሽ የሚያበቃበትን ቀን፣ የኹሩጅ፣ የመውጫ ፈቃድ ማለት ነው፣ ጉዳይ ካለ፣ ሁሉንም ራስሽ ታያለሽ። ዲጂታል ኢቃማውም እዚያው ስልክሽ ላይ ይወጣልሻል፣ ካርዱ ቤት ቢቀር ፖሊስ እሱን ያያል። ሰው ጠይቀሽ አትኖሪም። በወር አንድ ቀን፣ ደሞዝ በገባ ቀን ይሁንልሽ፣ ክፈቺና እይው።

የሦስት አቆጣጠር ነገር

ቀኑን ስታዪ ሒጅራ ነው ወይስ የፈረንጅ ብለሽ ጠይቂ። የሒጅራ ዓመት ከፈረንጁ በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። በኛ አቆጣጠር በጭንቅላትሽ እየቆጠርሽ "ገና ነው" ብለሽ የተቀመጥሽው ነገር አልፎ ሊገኝ ይችላል። እኔ አንድ ደብተር ነበረችኝ፣ ሦስቱንም ጎን ለጎን እጽፍ ነበር፤ አሁን ስልክ ራሱ ይቀይረዋል። ኢቃማው ካለቀ ከ3 ቀን በኋላ ቅጣት አለ፦ መጀመሪያ 500 ሪያል፣ ሁለተኛ ጊዜ 1,000፣ ሦስተኛ ጊዜ ከአገር መባረር ነው። ለዚህ ነው ከማለቁ ሁለት ወር በፊት ለከፊሉ አስታውሺው የምለው።

ፓስፖርትሽንም አትርሺ። እዚያ እያለሽ ካለቀ ሪያድ ኤምባሲያችን ወይም ጅዳ ቆንስላችን ያድሱልሻል፣ ግን በዚያ አያበቃም። አዲሱ የፓስፖርት ቁጥር ከኢቃማሽ ጋር መያያዝ አለበት፣ እነሱ "ነቅል መዕሉማት" ይሉታል፣ የሚያደርገው ከፊሉ ነው። ይሄን ሳያደርጉ ቀርተው አየር ማረፊያ ላይ የተመለሱ አሉ።

ፓስፖርቱ ማን ጋ ይቀመጥ?

አንቺ ጋ። አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝ በሳዑዲ ክልክል ነው። በተግባር ግን ብዙ ቤት ውስጥ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ነው ያለው፣ ይሄን ሳልነግርሽ ባልፍ ዋሸሁሽ ማለት ነው። ቢያንስ ኢቃማው እጅሽ ይሁን።

የኔን ልንገርሽ። የመጀመሪያዋ ቤት ውስጥ ኢቃማዬን በዓይኔ ያየሁት በሁለተኛው ዓመት ነው። ጥርሴን አሞኝ፣ ጉንጬ አብጦ፣ የመዳም ልጅ ክሊኒክ ወሰደችኝ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ሴትዮ ቁጥሩን አስገባችና ስክሪኑን ወደኛ አዞረችው። ቀይ ጽሑፍ። "ሙንተሂያ" አለች። አልቋል ማለት ነው። አራት ወር አልፎታል። አራት ወር ሙሉ ገበያ ስላክ፣ ቆሻሻ ልጥል ስወጣ፣ ከአፓርታማው በታች ካለው ሱቅ ዳቦ ስገዛ ሕገ ወጥ ነበርኩ፤ እኔ አላውቅም። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም፣ ረስተውት ነው። ቤት ስንመለስ አባትየው ከሻይ ስኒዎቹ መደርደሪያ በታች ያለውን መሳቢያ ከፈተ፣ ኢቃማዬ ከድሮ የመብራት ደረሰኝ ጋር ተኝቷል። ቅጣቱን ከፈለና እዚያው ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ በስልኩ አሳደሰው። ሻዩ ሳይበርድ አለቀ። እኔ ግን ያንን ሌሊት አልተኛሁም። በማግስቱ ካርዱን ለመንኩና ሰጠኝ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ቀን ከእጄ አልወጣም።

ከፊሉ አላወጣም፣ አላሳድስም ካለስ?

ቶሎ ጠፍተሽ አትውጪ። መጀመሪያ በዋትሳፕ በጽሑፍ ጠይቂው። የቃል ንግግር ማስረጃ አይሆንም፣ ዋትሳፕ ግን ቀንና ሰዓት አለው። ስክሪንሾቱን ለቤተሰብ ላኪ። መልስ ካጣሽ ለኤጀንሲው ንገሪ፣ ቤተሰብሽም ከዚህ ሆነው ክላሰሩን ይዘው ይጠይቁ። ቀጥሎ ለሳዑዲ የሰው ሃብት ሚኒስቴር አመልክቺ፤ በሙሳነድ በኩል ይቻላል፣ የስልክ ቁጥራቸውም 19911 ነው። ቆንስላውንም አሳውቂ።

ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፦ የቤት ሠራተኛ ከፊሏ ባይፈቅድም ወደ ሌላ አሠሪ የምትዛወርባቸው ሁኔታዎች አሉ። ኢቃማ ካልወጣልሽ ወይም ካለቀ 30 ቀን አልፎ ካልታደሰ። ደሞዝ፣ በተከታታይም ይሁን በተቆራረጠ፣ ሦስት ወር ያለ በቂ ምክንያት ካልተከፈለሽ። ሳታውቂ ለሌላ ሰው ካከራየሽ። ጉዳት ካደረሰብሽ። በሐሰት ጠፋች ብሎ ካስመዘገበሽ። ይሄ ዝውውር ነቅል ከፋላ ይባላል። የሚወሰነው በሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ነው፣ ስለዚህ ማስረጃ ይዘሽ ነው የምትሄጂው፦ የዋትሳፕ መልእክት፣ የአብሸር ስክሪንሾት፣ የባንክ ዝርዝር።

ሕይወትሽ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ይሄን ሁሉ ተይው። ወረቀት በኋላ ይደርሳል። ውጪ፣ ፖሊስ ጥሪ፣ መካ ክልል፣ ጅዳንም ጨምሮ፣ ሪያድና ምሥራቁ ላይ 911 ነው፣ ወይ ቀጥ ብለሽ ቆንስላ ግቢ። ከቆንስላው ደጅ ሆነሽ የምታመለክቺው ከምታውቂው ሰው ቤት ተደብቀሽ ከምታመለክቺው በጣም ይለያል።

ሁሩብ

ከፊሉ "ሠራተኛዬ ጠፍታለች" ብሎ ሲያስመዘግብ ሁሩብ ተመታባት ይባላል። ከዚያ በኋላ ኢቃማሽ ላይ የተጻፈው ቀን ገና ቢሆን እንኳ አይሠራም። ማሳደስ የለም፣ ከተያዝሽ መቆያ ቤት ነው፣ ከዚያ ተርሒል፣ ከአገር መባረር ማለት ነው። አሻራሽ በተባራሪነት ከተመዘገበ ለሥራ መመለስ ይታገዳል።

ጠፍቶ መሥራት ለምን እንደሚያጓጓ አውቃለሁ። ደሞዙ ይበልጣል፣ ማታ ቤትሽ ትገቢያለሽ፣ ከአገርሽ ልጆች ጋር ቡና ታፈያለሽ። ግን አብሬያት ክፍል የተጋራኋት የሐይቅ ልጅ እናቷ ሲሞቱ ለለቅሶ መምጣት አልቻለችም። ኹሩጅ የሚመታላት ከፊል የላትም፣ እጅ ሰጥታ ብትወጣ መመለስ የለም፣ ታናናሾቿን የምታስተምረው ደግሞ እሷ ናት። ሦስት ቀን ወለሉ ላይ ተቀምጣ በስልክ ነው ያለቀሰችው። ይሄ በየሰፈሩ አለ።

በባሕር ለገባችሁ

በጅቡቲና በየመን አድርጋችሁ የገባችሁ ወንድሞች እህቶች፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም። በተለመደው አሠራር እንደዚያ የገባ ሰው ተመዝግቦ ኢቃማ የሚያወጣበት መንገድ የለም። "5 ሺህ ሪያል አምጣ፣ ኢቃማ አሠራልሃለሁ" የሚል ሰው የሚሰጣችሁ የሐሰት ካርድ ወይ የሌላ ሰው ቁጥር ነው፤ ፖሊስ በስልኩ ሲያየው ጥፋቱ ከአንድ ወደ ሁለት ከፍ ይላል።

አንዳንዴ ምሕረት ይታወጃል። በፈረንጅ 2013 ነበር፣ ጊዜው ካለቀ በኋላ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ፣ ያኔ ቦሌ የነበረውን ማንም አይረሳውም። በ2017 ደግሞ ከማርች 29 ጀምሮ የ90 ቀን ምሕረት ታወጀ፤ በዚያ ውስጥ የወጣ ሰው ቅጣትም የተባራሪ አሻራም አልነበረበትም። እንደዚህ ዓይነት በር ሲከፈት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግቡበት፤ መጨረሻ ላይ ሰልፉ አይገፋም። ፓስፖርት የሌላችሁ ሊሴ ፓሴ፣ በፓስፖርት ፋንታ የሚሰጥ የመመለሻ ወረቀት፣ ያስፈልጋችኋል፣ ሪያድ ኤምባሲና ጅዳ ቆንስላ ይሰጣሉ። ኢትዮጵያዊ መሆናችሁን የሚያሳይ ማንኛውም ወረቀት ያፋጥነዋል፦ የቀበሌ መታወቂያ ኮፒ፣ የልደት ወረቀት፣ የድሮ ፓስፖርት ፎቶ። ቤተሰብ ከደሴ ሆኖ በዋትሳፕ ይላክላችሁ።

ሌላ አገር ለምትሄዱ ባጭሩ። ኩዌት ላይ የቤት ሠራተኛ ኢቃማ "ማዳ 20" ይባላል፣ የድርጅት ሥራ ደግሞ 18 ነው፤ በ20 ገብቶ ሱቅ ውስጥ መሥራት ጥሰት ነው። ኤሚሬትስ ላይ ፓስፖርት ላይ የሚለጠፈው ቀርቶ መታወቂያ ካርዱ ራሱ የመኖሪያ ማስረጃ ሆኗል፣ ስለዚህ ካርዱን አትስጡ። ቤሩት ላይ ፈቃዱን የሚሰጠው አምን ዓም የሚባለው የደኅንነት መሥሪያ ቤታቸው ነው፣ በየዓመቱ ይታደሳል።

ስትመለሺ

ለዕረፍት ከሆነ ኹሩጅ ወ ዓውዳ ነው፣ መውጫና መመለሻ። ለሁለት ወር 200 ሪያል ነው፣ ለተጨማሪ ወር 100። የድርጅት ሠራተኞች ከማርች 2021 ወዲህ ራሳቸው ማውጣት ይችላሉ፣ የቤት ሠራተኛ፣ ሹፌርና እረኛ ግን በዚያ ለውጥ ውስጥ አልገቡም፣ ከፊሉ ነው የሚያወጣላችሁ። መመለሻ ቀኑን ደሴ ሆነሽ ሠርግና ዒድ እያልሽ አትለፊው።

ለመጨረሻ የምትወጪ ከሆነ ኹሩጅ ኒሃዪ ይባላል። አንዴ ከተመታ በ60 ቀን ውስጥ መውጣት አለብሽ። የሚመታውም ኢቃማው ሳያልቅ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ተጠንቀቂ፦ መጀመሪያ ደሞዝሽ በሙሉ ይከፈልሽ፣ 4 ዓመት በተከታታይ ከሠራሽ ደግሞ የአንድ ወር ደሞዝ የአገልግሎት ክፍያ አለሽ፣ እሱም ይከፈልሽ፣ ገንዘቡ ባንክ መግባቱን በስልክሽ እይ፣ ከዚያ በኋላ ነው ኹሩጁ የሚመታው። "ቦሌ ስትደርሺ እልክልሻለሁ" ካሉሽ ገና አልተከፈለሽም ማለት ነው። የጉዞ ቀንሽ ሲቃረብ አብሸርሽን ክፈቺ፣ ኹሩጁ መውጣቱን አይተሽ ስክሪንሾት አንሺና ለቤት ላኪ። ያለቀውን ኢቃማና የድሮ ፓስፖርትሽን አትጣይ። ክላሰሩ ውስጥ ይግቡ፤ ድንገት ሌላ ጊዜ ብትሄጂ "ሳዑዲ ነበርሽ?" ሲሉሽ ቁጥሩን አውጥተሽ ታሳያለሽ።